ምዕራፍ ስድስት፦ የቅጽል ጥማድ

በአምስተኛው ምዕራፍ ስለ ስም በሰፊው ተናግረን፣ ስም የተባለው የቃል ክፍል በእንግሊዝኛም ሆነ በአማርኛ ራሱን ችሎ እንደሚቆምና ነገሩን ለማመልከት ረዳት እንደማያስፈልገው አስረድተን ነበር። አሁን የምንገባበት የቅጽል ነገር ግን እንዲህ አይደለም። ቅጽል፣ ስሙ ራሱ እንደሚመሰክረው፣ በሌላ ላይ የሚቀጸል፣ ማለት በስም ላይ ተጨምሮ የስሙን መልክ፣ ጠባይ፣ መጠን ወይም ሁኔታ የሚገልጽ ስለ ሆነ፣ ለብቻው ተነጥሎ ትርጉሙ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ሁልጊዜ ጎደሎ ነው። ይህንን ያላወቀ ተማሪ፣ ትጋቱ ምንም ያህል ቢበዛ፣ ብዙ መቶ ቅጽሎችን በቃሉ አጥንቶ ሳለ ሊናገር ወይም ሊጽፍ በተነሣ ጊዜ አንዱን እንኳ በቦታው ለማስቀመጥ ይቸገራል።

ብዙ ቃላትን በጥቂት በጥቂቱ ከመነካካት አንዱን ቃል እስከ ሥሩ መመርመር የበለጠ ያስተምራል ብዬ ስለማምን፣ በዚህ ምዕራፍ አንድ የእንግሊዝኛ ቅጽል ብቻ እንመረምራለን፤ እርሱም ስቲፕ የሚለው ነው። ቃሉ አጭር ነው፤ በጂኦግራፊ መጽሐፍ፣ በጋዜጣ፣ በመንገድ ሥራና በንግድ ጽሑፍ ሁሉ ይገኛል። ከዚህም በላይ ስለ ነገሩ ከማንም ይልቅ የሚያውቅ ሕዝብ በአገራችን አለ።

ለከላላ ሰው የሚቀርብ ቃል

በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ክፍል፣ በመካነ ሰላምና በከላላ አካባቢ ያለው ደጋ፣ በላዩ ለቆመ ሰው እህል የሚዘራበትና ከብት የሚሰማራበት ሰፊ ሜዳ መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን ሜዳው ሳይታሰብ ያልቅና ከእግር በታች ገደል ይከፈታል። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ ዓባይ ግን ደጋውን ለእልፍ ዘመናት እየቦረቦረ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ በቆላው ይፈስሳል። ስለዚህ ከደጋ ወደ ቆላ፣ ከቆላም ወደ ደጋ ለእርሻ፣ ለገበያ፣ ለለቅሶና ለሠርግ የሚመላለሰው ሕዝብ ስለ መሬት መዘንበል የሚያውቀውን ሁሉ ያወቀው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከጉልበቱ ነው።

ቋንቋውም ይህንኑ ዕውቀት አጠራቅሞ ይዟል። ወደ ላይ ሲወጣ አቀበት የተባለው መንገድ፣ ያው ራሱ ወደ ታች ሲወረድ ቁልቁለት ይባላል፤ የተራራው ጎን ተዳፋት፣ የሜዳው መጨረሻ አፋፍ፣ መውረጃ የሌለው ደግሞ ገደል ነው። እነዚህ ሁሉ ስሞች እንጂ ቅጽሎች አለመሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል። አማርኛ የተጓዡን አካሄድ ተከትሎ ለእያንዳንዱ ስም ሲያወጣ፣ እንግሊዝኛ ግን ተጓዡን ትቶ የመሬቱን ጠባይ ብቻ በአንድ ቅጽል ይገልጻል፤ ስቲፕ የተባለው መንገድ ለሚወጣውም ለሚወርደውም ስቲፕ ነው። በሌላም በኩል አማርኛ የመሬቱን ክብደት በግሥ መናገር ይወዳል፤ አቀበቱ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ቁልቁለቱ ጉልበት ያብረከርካል እንላለን፤ ይኸውም መሬቱ በሰው ላይ የሚያደርገውን መናገር ነው። እንግሊዝኛው መሬቱ በራሱ ምን እንደ ሆነ ይናገራል።

እንግዲህ አንድ የከላላ ተማሪ ይህን ቃል በመጽሐፉ አግኝቶ «ስቲፕ በአማርኛ ምንድን ነው፣ መምህር?» ብሎ ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ አብዛኛውን ጊዜ «ቀጥ ያለ» ወይም «ዳገታማ» የሚል ነው። መልሱ ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን ከሁለቱም ቃላት በስተኋላ ጉድጓድ አለ። «ቀጥ ያለ» በአማርኛ ሁለት ነገር ይገልጻል፤ አንደኛው ሽቅብ የተገተረውን ዳገት ሲሆን፣ ሁለተኛው ያልተጠማዘዘውን መንገድ ነው። ተማሪው ሁለተኛውን ትርጉም ይዞ ከሄደ፣ እንደ አዲስ አበባና አዳማ ፈጣን መንገድ ያለውን ሳይጠመዘዝ የተዘረጋ ጎዳና ስቲፕ ብሎ ይጽፋል፤ አንባቢውም አሽከርካሪዎቹ ገደል የሚወጡ ይመስለዋል። «ዳገታማ» ደግሞ ድንጋያማና ተራራማ እንደሚሉት ቃላት ዳገት የበዛበትን አገር በጠቅላላው የሚገልጽ ነው፤ ለዚህ እንግሊዝኛ ሂሊ የሚል ሌላ ቅጽል አለው። ከላላ በጠቅላላው ሂሊ ቢባል ይስማማዋል፤ ስቲፕ የሚባለው ግን በከላላ ውስጥ ያለው አንዱ ዳገት፣ አንዱ መንገድ፣ አንዱ የወንዝ ዳር ነው።

በሬው በገበያና በማሳ

ገበሬ በሬ ሊገዛ ገበያ በወጣ ጊዜ ጥርሱን ገልጦ ዕድሜውን፣ ሻኛውንና ትከሻውን ዳስሶ ጉልበቱን፣ ቀንዱንና ቆዳውን አይቶ መልኩን ይገምታል፤ የእርሻ ጠባዩን ግን እዚያው ቆሞ ሊያውቀው አይችልም። በሬው ምን እንደ ሆነ የሚታወቀው ቀንበር ተጭኖበት ከሌላ በሬ ጋር በተጠመደ ጊዜ ነው፤ ከየትኛው ጋር ተካክሎ እንደሚስብ፣ ከየትኛው ጋር ሲጠመድ እንደሚለግም፣ የትኛውን ገፍቶ ከትልም እንደሚያወጣ ያን ጊዜ ይገለጣል። አንዳንድ በሬ ብቻ ያላቸው ሁለት ጎረቤታሞች መቀናጆ የሚገቡትም፣ በሬ የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን ለብቻው ስለማያርስ ነው።

ቅጽልም እንዲሁ ነው። መዝገበ ቃላት ቃሉን እንደ ገበያ በሬ መልኩንና ዕድሜውን ያሳየናል፤ ጠባዩን የምናውቀው ግን በዓረፍተ ነገር ማሳ ላይ፣ ከስም ጋር ተጠምዶ ስናየው ነው። የዚህ ምዕራፍ ዋና ሐሳብ ይህ ነው፦ የቅጽል ትርጉም የሚኖረው በቅጽሉ ብቻ ሳይሆን ቅጽሉ ከሚጠመድባቸው ስሞች ጋር ባለው አንድነት ውስጥ ነው፤ ስለዚህም አንድን ቅጽል ማወቅ ማለት ጥማዶቹን፣ ከእነርሱም ጋር አልጠመድም የሚላቸውን ማወቅ ማለት ነው።

ስቲፕ ሳያመነታ የሚጠመደው ከሂል፣ ማለት ከኮረብታ፤ ከስሎፕ፣ ማለት ከተዳፋት፤ ከክሊፍ፣ ማለት ከገደል፤ ከስቴርስ፣ ማለት ከደረጃ፤ ከሩፍ፣ ማለት ከጣራ ጋር ነው። የወንዝ ዳር ማለት ከሆነው ባንክ ጋርም ይጠመዳል፤ ገንዘብ ከሚቀመጥበት ባንክ ጋር ግን ምንም ዝምድና የለውም። ከዛፍ፣ ከሰው፣ ከምሰሶና ከግንብ ጋር ስናጠምደው ወዲያው ይለግማል፤ እነዚህ ረጅም ናቸው እንጂ ስቲፕ አይባሉም፤ የእነርሱ ቅጽል ቶል ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ጥማዶቹን ጎን ለጎን አቁሞ መመልከት ይበቃል። ኮረብታም፣ ጣራም፣ ደረጃም፣ የወንዝ ዳርም ሁሉም ያዘነበለ ገጽ አላቸው፤ ዛፍና ምሰሶ ግን ቀጥ ብለው ከመቆም በቀር የሚያዘነብል ገጽ የላቸውም። እንግዲህ የስቲፕ ምስጢር በርዝመት ሳይሆን በመዘንበል ላይ መሆኑን ያስተማሩን ጥማዶቹ ናቸው፤ «ቀጥ ያለ» የሚለው ፍቺ ይህን ከቶ ሊነግረን አይችልም ነበር።

አፄ ቴዎድሮስ መድፉን ሲያስጎትቱ

ከላይ ከተናገርነው ቀጥሎ ተማሪን የሚያሳስተው ስቲፕንና ሃይን፣ ማለት ዝንባሌንና ከፍታን፣ አንድ አድርጎ መቁጠር ነው። ልዩነቱን ለማሳየት ከወሎ ታሪክ የተሻለ አብነት አላገኘሁም።

አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ባስጎተቱ ጊዜ፣ በመንገዳቸው ላይ የነበሩት ታላላቅ መሰናክሎች የጅዳና የበሽሎ ገደሎች ነበሩ። መድፉን ተሸክሞ ገደል የሚወጣ ጉልበት በምድር ላይ ስላልነበረ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከሠራዊታቸው ጋር ድንጋይ እያነሡ መንገድ አሠሩ፤ ገደሉ እየተፈለፈለ፣ ጎኑ እየተቆረጠ፣ የሠረገላ መንገድ ወጣለት። በዚያው ዓመት መቅደላን ሊወጋ የመጣው በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦርም እነዚያኑ ገደሎች ወርዶ ወጥቷል።

አሁን በዚህ ታሪክ ላይ ሁለቱን ቅጽሎች እንፈትናቸው። መንገዱ ከመሠራቱ በፊትም ሆነ ከተሠራ በኋላ የበሽሎ ገደል ከፍታ አንድ ነው፤ ከሸለቆው ወለል እስከ አፋፉ ያለውን ርቀት ማንም አላሳጠረውም። መንገዱ ግን በተቆረጠና በተጠማዘዘ መጠን ያው ከፍታ በረጅም መንገድ ላይ ተከፋፈለ፤ ስለዚህ ከፍታው ሳይቀነስ የመንገዱ ዝንባሌ ቀነሰ። ገደሉ እንደ ቀድሞው ሃይ ነው፤ መንገዱ ግን እንደ ቀድሞው ስቲፕ አይደለም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣውም መንገድ በዚሁ ጥበብ የተሠራ ነው፤ መኪናው ሳይታክት ይወጣ ዘንድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጥመለመለ ይሄዳል፤ የሸለቆው ጥልቀት ግን በዚህ ምክንያት አንድ ክንድ እንኳ አልጎደለም።

የሚያስደንቀው ነገር፣ እንግሊዞች ራሳቸው በጥንት ዘመን ሁለቱን አይለዩም ነበር። በጥንታዊው እንግሊዝኛ የዚህ ቃል አባት የነበረው ቃል ከፍ ያለ፣ የገዘፈ ማለት ነበረ፤ ዝንባሌን ማመልከት የጀመረው በኋላ ነው። የቤተ ክርስቲያናቸው የደወል ግንብ ስቲፕል የሚባለው ከዚያው ሥር ወጥቶ የጥንቱን ትርጉም ይዞ በመቅረቱ ነው። ስለዚህ ሁለቱን የሚያደባልቅ ተማሪ ቢወቀስ እንኳ በቀስታ ይወቀስ።

ልኩን የሚሰጠው ስሙ ነው

መሐንዲሶች ዝንባሌን በመቶኛ ይለካሉ። አንድ መንገድ በአግድም 100 ሜትር በተጓዘ ጊዜ 10 ሜትር ከፍ ካለ ዝንባሌው 10 በመቶ ነው ይባላል፤ እኩል በእኩል ከሆነ፣ ማለት 100 ሜትር ተጉዞ 100 ሜትር ከወጣ፣ 100 በመቶ ይሆናል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 ዝንባሌው ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት እንዳይታረስና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል፣ ይልቁንም ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ ልማት እንዲውል ይደነግግ ነበር፤ ከ31 እስከ 60 በመቶ ባለው ላይም በየዓመቱ የሚዘራ ሰብል የሚፈቀደው እርከን ከተሠራ ብቻ ነበር። ሕግ ስለ ዳኝነቱ ቁጥር ያስፈልገዋል፤ ተራው ንግግር ግን በቁጥር ፋንታ ስቲፕ ብሎ ያልፋል።

ታዲያ ስቲፕ ስንት በመቶ ነው? ይህ ጥያቄ ለብቻው መልስ የለውም፤ እዚህ ላይ ነው የጥማዱ ነገር ከሁሉ ይልቅ ግልጽ የሚሆነው። 10 በመቶ ያዘነበለ የመኪና መንገድ ከባድ ጭነት ለያዘ ሹፌር በእርግጥ ስቲፕ ነው። ያው 10 በመቶ ዝንባሌ በቤት ጣራ ላይ ሲሆን ግን ጣራው ጠፍጣፋ ለመባል የቀረበ ነው፤ የሣር ክዳን በዚያ ልክ ቢሠራ ክረምቱ ሳይጋመስ ውኃ ባፈሰሰ ነበር። የደጋው ጎጆ ክዳን ሾጣጣ የሚሆነው ዝናሙ ሣሩ ውስጥ ሳይሰርግ ቶሎ እንዲወርድ ነው፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ያን ጣራ ስቲፕ ሩፍ ይለዋል። ስለዚህ ልኩን የሚሰጠው ቅጽሉ ሳይሆን ስሙ ነው፤ ቅጽሉ የሚለን፦ ይህ ነገር ለዓይነቱ ከሚጠበቀው ይልቅ አዘንብሏል ነው። የከላላ ገበሬ ያለ ድካም የሚወጣውን ጉብታ የጋምቤላ ሜዳ ሰው ስቲፕ ቢለው ሁለቱም አልዋሹም።

ስለ አገባቡ ጥቂት

ስለ ሰዋስው በሦስተኛው ምዕራፍ ያልነው እዚህ ስለሚሠራ በአጭሩ እናልፈዋለን። አማርኛ «ትልልቅ ቤቶች» ብሎ ቅጽሉን እንደሚያበዛ እንግሊዝኛ አያበዛም፤ ኮረብታው አንድም ይሁን ሺህ ቅጽሉ ስቲፕ ነው። ሲያበላልጥ ስቲፐር፣ ከሁሉ ሲያስበልጥ ስቲፐስት ይላል። አንድ ነገር ግን ልዩ ጥንቃቄ ያሻዋል፦ ቬሪ እና ቱ። ቬሪ ስቲፕ የተባለው ዳገት በጣም ያዘነበለ ነው፤ ይወጣል ግን። ቱ ስቲፕ የተባለው ከመጠን በላይ ያዘነበለ ስለ ሆነ የታሰበውን ሥራ ይከለክላል፤ ለጋሪ ወይም ለእርሻ ወይም ለሽማግሌ አይሆንም ማለት ነው። ብዙ ተማሪዎች ቱን «በጣም» ብለው ስለ ተማሩ አገራቸውን ሊያመሰግኑ ተነሥተው ሲከሱት ይገኛሉ።

ከተዳፋት ወደ ዋጋ

ቃል በአንድ ማሳ ብቻ አርሶ አይቀርም። በ19ኛው መቶ ዓመት በአሜሪካ ሰዎች ስቲፕን ከፕራይስ፣ ማለት ከዋጋ ጋር ማጥመድ ጀመሩ፤ ዛሬ በእንግሊዝኛው ዓለም ሁሉ ስቲፕ ፕራይስ የተለመደ ነው። እዚህ ላይ ተማሪው የሃይ ፕራይስን ልዩነት ካልያዘ ይሳሳታል። ሃይ ፕራይስ ዋጋው ከፍተኛ መሆኑን ብቻ የሚናገር፣ ያለ ፍርድ የተነገረ ቃል ነው፤ ነጋዴውም ገዢውም ሊለው ይችላል። ስቲፕ ፕራይስ ሲል ግን ተናጋሪው በዋጋው ላይ ፈርዷል፤ አማርኛችን «ዋጋው አይቀመስም» ሲል የሚሰማው ያ የምሬት ድምፅ በውስጡ አለ። ስለዚህ ስቲፕ ከመቀጮ፣ ከኪራይና ከክፍያ ጋር በደስታ ሲጠመድ፣ ሰው ደስ ብሎት ስለሚቀበለው የራሱ ደመወዝ ግን አይነገርም። ገንዘቡ ከሚከፍለው ሰው እጅ ሲወጣ እንደ ዳገት ይከብዳል፤ ለሚቀበለው ዳገት አይደለም።

በሌላው ወገን ስቲፕ ከራይዝና ከፎል፣ ማለት ከመውጣትና ከመውረድ ጋር ይጠመዳል፤ ይህም በሥዕላዊ መግለጫ ላይ የተሠመረውን መሥመር ያስታውሳል። እዚህ ትርጉሙ ብዛት ብቻ ሳይሆን ፍጥነትም ነው። የጤፍ ዋጋ በሃያ ዓመት ቀስ በቀስ እጥፍ ቢሆን ስቲፕ ራይዝ አይባልም፤ በአንድ ክረምት እጥፍ ቢሆን ግን ይባላል።

ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ ሁሉ እንግዳ መስሎ እንዳይታየው፣ ዜና አንባቢዎቻችን ስለ ዋጋ የሚናገሩትን ያዳምጥ። ዋጋ ሲጨምር «አሻቀበ»፣ ሲወርድ «አሽቆለቆለ» ይላሉ። አንደኛው ሽቅብን፣ ሁለተኛው ቁልቁልን ያሰማል፤ ይኸውም ተራራው ከነአቀበቱና ከነቁልቁለቱ ወደ ገበያ ገብቷል ማለት ነው። እንግሊዝኛው በቅጽል የተሻገረውን ድልድይ አማርኛው በግሥ ተሻግሮታል፤ ስለዚህ ስቲፕ ራይዝን ለመተርጎም «ያዘነበለ ጭማሪ» እያሉ መድከም አያስፈልግም፤ «ዋጋው በአንድ ጊዜ አሻቀበ» ማለት ይበቃል፣ ቅጽሉም በግሡ ውስጥ ገብቶ ያርፋል።

ስቲፕ ለርኒንግ ከርቭ የሚባልም አነጋገር አለ፤ በትምህርት ዳገት መውጣት እንደማለት ነው። በሥዕል ብናየው ዕውቀት በቁመት፣ ጊዜ በአግድም ከተሠመረ፣ መሥመሩ ሲገተር ተማሪው ቶሎ ማወቁን ያመለክታል፤ ሕዝቡ ግን ትምህርቱ አስቸጋሪ ነው ለማለት ይናገረዋል። ባለ ሥዕሎቹ ቢከራከሩም ተናጋሪው ሁሉ የሚያስበው ሥዕሉን ሳይሆን ዳገቱን ስለ ሆነ የሕዝቡ ትርጉም አሸንፏል።

ተቃራኒውን መጠየቅ

ጥማድን ለመፈተን ከማውቃቸው መንገዶች ሁሉ ቀላሉ ተቃራኒውን መጠየቅ ነው። የስቲፕ ተቃራኒ ፍላት፣ ማለት ሜዳ፣ ይመስላል፤ ነገር ግን ሜዳ ዝንባሌ የሌለው ነው እንጂ ትንሽ ያዘነበለ አይደለም። ለተዳፋት ተቃራኒው ጀንትል ነው፤ ይህ ቃል ለሰው ሲነገር ደግ፣ ገር፣ ለዘብተኛ ማለት ሲሆን፣ ለመሬት ሲነገር ቀስ ብሎ የሚወርድ ማለት ነው። በጂኦግራፊ ትምህርት የካርታ ንባብ የተማረ ሁሉ የኮንቱር መሥመሮች ተጠጋግተው ሲሠመሩ ስቲፕ ስሎፕን፣ ተራርቀው ሲሠመሩ ጀንትል ስሎፕን እንደሚያመለክቱ ያውቃል። ወደ ዋጋ ስንመጣ ግን ጀንትል ፕራይስ የሚል የለም፤ በዚያ በኩል የስቲፕ ተቃራኒ ፌር፣ ማለት ተመጣጣኝ ነው። አንዱ ቅጽል ሁለት ተቃራኒ ካወጣ፣ በእርግጥ ሁለት ትርጉም አለው ማለት ነው፤ ይህን መስቀለኛ ጥያቄ ለማንኛውም ቅጽል ማቅረብ ይቻላል።

መዛግብተ ቃላት እንዴት ወደ ማሳው ወረዱ

የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ታሪክ ራሱ ከገበያ ወደ ማሳ የተደረገ ጉዞ ነው። ሚስዮናዊው ኢዘንበርግ እ.ኤ.አ. በ1841 በሎንዶን ያሳተመው መዝገበ ቃላት በሁለቱ ልሳናት መካከል በር የከፈተ ታላቅ ሥራ ነው፤ ቃልን ከቃል ጋር ማገናኘት ለዚያ ዘመን ይበቃ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1973 ግን ሁለት ሥራዎች በአንድ ዓመት ወጡ። አንደኛው የወሎው ተወላጅ ዶክተር አምሳሉ አክሊሉ ከሞስባክ ጋር ያዘጋጁትና በብዙ ተማሪ ቤት የገባው የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ነው። ሁለተኛው ቮልፍ ሌስላው ያዘጋጁት ሲሆን፣ ቃሉን ከነአገባቡ የሚያቀርብ ነው፤ እያንዳንዱን የእንግሊዝኛ ቃል በዓረፍተ ነገር ውስጥ አግብቶ፣ አገባቡ በተለወጠ ቁጥር የአማርኛውን ፍቺ ይለውጣል። እኔ ለቅጽል ተማሪ ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው ይህን ዓይነቱን መጽሐፍ ነው።

በእንግሊዞችም ዘንድ ነገሩ እንዲሁ ሄዷል። በጃፓን እንግሊዝኛ ያስተምር የነበረው ሆርንቢ ከጓደኞቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1942 ያወጣው ለባዕድ ተማሪ የተዘጋጀ መዝገበ ቃላት አገባብን ማሳየትን ዋና ሥራው አደረገ፤ በኋላ በኦክስፎርድ ስም በዓለም ሁሉ የታወቀው እርሱ ነው። በሎንዶን ዩኒቨርሲቲ የልሳን ሊቅ የነበረው ፈርዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው ጽሑፍ ቃል የሚታወቀው በባልንጀሮቹ መሆኑን አስተማረ።

ለእኛ ሊቃውንት ግን ይህ ትምህርት አዲስ አልነበረም። በጉባኤ ቤት ደቀ መዝሙሩ ንባቡን ካደላደለ በኋላ መምህሩ «አንድም» እያሉ የአንዱን ቃል ልዩ ልዩ ፍቺ እንደየአገባቡ ያወርዱለታል፤ በወሎ መድረሳዎች ተፍሲር የሚያስተምሩት ሸሆችም አንዱን ቃል ከመጣበት አንቀጽ ለይተው አይፈቱም። የከላላ ልጅ ከቄስ ትምህርት ቤትም ይምጣ ከቁርአን ቤት፣ ቃልን ከነአካባቢው የማንበብ ወግ በአገሩ አለ፤ ለእንግሊዝኛው ሲሆን ይህን ወግ የሚተውበት ምክንያት አይታየኝም።

ደብተሩ እንዴት ይሠመር

በዛሬው ሥርዓተ ትምህርት እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣል፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ የማስተማሪያ ልሳን ይሆናል። በዚህ መካከል ተማሪው የሚይዘው የቃላት ደብተር በሁለት የተከፈለ ነው፤ በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ አማርኛው። ይህ አከፋፈል ለስም ደኅና ነው፤ ለቅጽል ግን ይጎዳል፣ ቃሉን ሁልጊዜ ያለ ቀንበር ያቆመዋልና። ስለዚህ የቅጽል ገጽ ለብቻው ይሠመር። በራሱ ላይ ስቲፕ ተጽፎ፣ በአንድ ወገን የሚጠመድባቸው ስሞች እያንዳንዳቸው ከአማርኛ ፍቺያቸው ጋር ይስፈሩ፤ ስቲፕ ሂል ቀጥ ያለ ዳገት፣ ስቲፕ ሩፍ ሾጣጣ ክዳን፣ ስቲፕ ፕራይስ የማይቀመስ ዋጋ እየተባለ። በሌላው ወገን የማይጠመድባቸው ይጻፉ፤ ተማሪዎች ይህን ወገን ባዶ ይተዉታል፣ እኔ ግን ከመጀመሪያው የበለጠ የሚያስተምረው እርሱ ነው እላለሁ። በግርጌው ተቃራኒዎቹ ይቀመጡ። ስቲፕ የሚል መልኩ ተመሳሳይ ሆኖ ትርጉሙ መዘፍዘፍ የሆነ ግሥም ስላለ፣ ይህ ከቅጽሉ ጋር እንዳይደባለቅ በሌላ ገጽ ይጻፍ።

ገጹ ከሞላ በኋላ ፈተናው በቃል ይሁን። መምህሩ ተማሪውን ከቤቱ እስከ ወንዙ ያለውን መንገድ አገሩን ለማያውቅ ሰው በእንግሊዝኛ እንዲተርክ ያድርገው። ተማሪው መንገዱ ስቲፕ ነው ብሎ ካቆመ ትረካው አልተፈጸመም፤ ቃሉ መዘንበሉን እንጂ ወደየት እንደሆነ አይናገርምና፣ አድማጩ መውጣት ይሁን መውረድ አላወቀም። አማርኛው አቀበትና ቁልቁለት ብሎ በስሙ የለየውን እንግሊዝኛው በሌላ ቃል ይጨምራል፤ ስለዚህ ተማሪው ወደ ወንዙ ሲወርድ ዳውን፣ ወደ ቤቱ ሲመለስ አፕ ብሎ ያክልበት፤ መውጣቱን ስቲፕ ክላይምብ፣ መውረዱን ስቲፕ ዲሰንት ብሎ ከየስሙ ጋር ያጥምደው።